ማቆም እንደሚችል ሲያውቅ ጀመረ

አጎቴ ትንፋሹን የሚያግዘውን የማሽን ማስክ ለወራት እምቢ ብሎ ቆየ። ሐኪሞቹ ለመኑት፣ እኛ ለመንነው፣ የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ ለመኑት። «አልፈልግም» ነው መልሱ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ተቀምጠን ሳለ «እሺ፣ አምጡት» አለ። ማሽኑ ያው ማሽን ነው። በሽታውም ቢብስ እንጂ አልተሻለም። ያን ቀን የተለየው ነገር አንድ ጥያቄ ጠይቆ ቁርጥ ያለ መልስ ማግኘቱ ነው።

ካረፈ ቆየ። ያ ከሰዓት በኋላ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ሲወጣ ሲገባ፣ ስንት ሰው «አይዞህ» ሲለው፣ ያን ጥያቄ ለብቻው ይዞት ያድር ነበር ማለት ነው።

በሽታው እዚህ እንግሊዝ አገር የሞተር ኒውሮን በሽታ ይባላል። በብዛት የሚታየውን ዓይነት አሜሪካ ያላችሁ ኤኤልኤስ ትሉታላችሁ። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ። ጡንቻውም ትእዛዝ ሲያጣ ይደክማል፣ ይከሳል። አጎቴ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ሰነፈ። ከዚያ ቁልፍ ማዞር አቃተው፣ ከዚያ እንጀራ መቁረስ። እጁንና እግሩን ሁላችንም እያየን ነበር። ትንፋሹን ያየ ሰው አልነበረም።

## ጣት ላይ ያለው ቁጥር

ከኮቪድ ወዲህ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የሌለበት የሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም። እነሱም ቤት ነበር። ባለቤቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ጠዋት ማታ ትለካዋለች። 96፣ 97። «ተመስገን፣ ሳንባው ደህና ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሳንባው ደህና ነበር።

ግን ጠዋት ሲነሳ ራሱን ያመዋል፤ ቡና ጠጥቶ እስኪቆይ አይለቀውም። ቀን ቀን ሰው እያጫወተው ያንቀላፋል። ሌሊት ይቃዣል። በጀርባው መተኛት ትቶ ሶፋ ላይ ተደግፎ ማደር ጀመረ። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስልክ ላይ ረጅም ነገር ማውራት አቆመ። ለእያንዳንዱ ምክንያት አላጣንለትም። ራስ ምታቱ የሐሳብ ብዛት ነው። ማንቀላፋቱ ከመድኃኒቱ ነው። ቅዠቱን ጠበል ያስለቅቀዋል። ሶፋው ደግሞ ለቴሌቪዥኑ ብሎ ነው።

የሁሉም ምንጭ አንድ ነበር። ስንተነፍስ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከሳንባ ሥር ያለው ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ ነው። እሱም እንደ እጅና እግር ጡንቻ ከነርቭ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ነርቮቹ ሲሞቱ ይደክማል። የአንጥረኛን ወናፍ አስቡት። ቆዳው አልተቀደደም፤ የዛለው የሚነፋው እጅ ነው። በጀርባ ሲተኙ የሆድ ዕቃ ወደ ላይ ይገፋዋል። እንቅልፍ ሲከብድ ደግሞ ሲያግዙት የዋሉት ሌሎች ጡንቻዎች ይዝላሉ። ስለዚህ ችግሩ የሚጀምረው ሌሊት ነው። አየር በደንብ ካልወጣና ካልገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የጠዋቱ ራስ ምታት እሱ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ይህን አይለካም።

ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ አፍንጫው ቀዳዳ ላይ ትንሽ መሰኪያ አድርጋ «በኃይል ያሽትቱ» አለችው። አንድ ሰው የሚያሸትበት ጉልበት የመተንፈሻ ጡንቻውን ጉልበት ያሳያል። እኔ ከጎን ሆኜ «ጋሼ፣ ቡና ሲቆላ እንደምታሸተው» አልኩት። ሞከረ። የወጣው ቁጥር ትንሽ ነበር። ከዚያ ከጆሮው ጫፍ ጥቂት ደም ወስዳ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለካች። ከፍ ብሏል። ሌሊት ሌሊት የሚያግዘው የመተንፈሻ ማሽን እንደሚያስፈልገው የነገሩን ያን ዕለት ነው።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ልውጣና አንድ ነገር ልናገር። ትንፋሽ አጠረው ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ኦክስጅን ነው። በዚህ በሽታ ግን ኦክስጅን ብቻውን መስጠት አደጋ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀምበት የቆየ ሰው፣ ኦክስጅን ሲሞላለት ትንፋሹ ጭራሽ ሊቀንስ ይችላል። የተጠራቀመው ይብስበታል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ጣቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን 99 ይላል፤ ቤተሰብም ተሻለው ብሎ ደስ ይለዋል። የሳንባ ምች ሲጨመርበት ኦክስጅን የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ያኔም በሐኪም ዓይን ሥር፣ ከመተንፈሻ ማሽኑ ጋር ነው። አጎቴ ቤት ፍሪጁ ላይ አንድ ካርድ ተለጥፎ ነበር። አምቡላንስ ከመጣ መጀመሪያ እሱን አሳዩ ተብለናል።

## ከመሞት መሰንበት

እኛ ዘንድ ማሽን ላይ የገባ ሰው አበቃለት ተብሎ ነው የሚታሰበው። የኮቪድ ጊዜ ዜናም ይህን አባባሰው። ስለዚህ ወሬው ቤት ሲደርስ ለቅሶ ያለበት ቤት መሰለ። አንድ ሁለት ቀን እትዬ ስልክ እንኳ አታነሳም ነበር።

ግን ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ማስኩ ነው። ራስጌ የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን፣ ቱቦ፣ አፍንጫን ወይም አፍንጫና አፍን የሚሸፍን ማስክ። ሰውዬው አየር መሳብ ሲጀምር ማሽኑ ይሰማዋል፤ ጨመር አድርጎ ይገፋለታል። ሲያስወጣ ግፊቱን ይቀንስለታል። ቀዶ ጥገና የለው፣ ማደንዘዣ የለው። ጠዋት አውልቆ ቁርሱን ይበላል። ሁለተኛው ትራኪዮስቶሚ ነው። ጉሮሮ ተበስቶ ቱቦ ይገባል፤ ማሽኑ ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ አክታ የሚመጥለት ሰው ከጎኑ አይለይም። ዕድሜ በዓመታት ሊያስረዝም ይችላል። በሽታው ግን አይቆምም። እጅ፣ እግር፣ አንደበት እየሄዱ ይቀጥላል።

ስለ ማስኩ የሚጠቀሰው ዋናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ከእንግሊዟ ኒውካስል የወጣው ነው። 41 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ማስኩን አገኘ፣ ግማሹ አላገኘም። የመዋጥና የመናገር ጡንቻቸው ብዙ ካልተጎዳባቸው መካከል፣ ማስኩን ያገኙት በመካከለኛ ልኬት 205 ቀን ያህል የበለጠ ኖሩ። 205 ቀን ማለት ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ ገደማ ነው። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ሪሉዞል የሚባለው ኪኒን የሚጨምረው ጥቂት ወራት ነው፤ ማስኩ ከኪኒኑ በለጠ ማለት ነው። ጉሮሯቸው ክፉኛ የተጎዳባቸው ግን ዕድሜያቸው አልረዘመም። እነሱ ያገኙት የተሻለ እንቅልፍና ትንሽ የቀለለ ቀን ነው። እኔ ይህንንም ትንሽ አልለውም።

ቤተሰቡ ሁሉ ተረባረበበት። ታናሽ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ከመሞት መሰንበት አይደል እንዴ ጋሼ!» አለው። ልጁ ደግሞ የፊዚክስ ሊቁን ስቴፈን ሆኪንግን አመጣ። ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ እሱን ያመጣል። ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 በ21 ዓመቱ ነው በሽታው የተነገረው። በ1985 ጄኔቭ ሳለ የሳንባ ምች ያዘውና ማሽን ላይ ገባ። ማሽኑ ይነቀል ወይ ተብላ ባለቤቱ ስትጠየቅ እምቢ አለች፤ ካምብሪጅ መልሳ አመጣችው። ጉሮሮው ተበሳ፣ ድምፁን ለዘለዓለም አጣ፣ እስከ 2018 ኖረ። የእሱ በሽታ ግን ከብዙዎቹ በጣም የዘገየ ነበር። አብዛኛው ሰው ምልክቱ ከጀመረው በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ነው የሚቆየው። አጎቴ ልጁን ሰምቶ ሲያበቃ «እሱን በየተራ የሚጠብቁት ነርሶች ስንት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ መልስ አጣ።

ትራኪዮስቶሚውን አለመፈለጉ ይገባኝ ነበር። ማስኩን ግን ለምን? ተስፋ ቆርጦ ነው ያለ አለ። ግትርነት ነው ያለ አለ። እንግዳ ፊት ማስክ አጥልቆ መቀመጥ አፍሮ ነው ያለም አለ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የማኅበር ሰው፣ ሁሉም ገመተ። እሱን በቀጥታ የጠየቀው ሰው የለም። እሱም አልተናገረም።

## «ታፍኜ ነው የምሞተው?»

ክፍሉ ጠባብ ነው። አጎቴ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ፣ እትዬ ከጎኑ፣ ልጁ በሩን ተደግፎ፣ እኔ የሁሉንም ኮት ታቅፌ። ነርሷ ማስኩን አምጥታ ፊቱ ላይ አላደረገችውም። ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። እጁ ስለማይነሳ ወደ ታች እያየው ቆየ። እሷም አላጣደፈችውም። ከዚያ እንዲህ አለችው፦ «የሚጀምሩበትን ቀን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ከጀመሩ በኋላም በፈለጉት ቀን ማቆም ይችላሉ። ያን ቀን ብቻዎን አይሆኑም።»

እትዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ገና ሳይጀምር ስለ ማቆም ምን ያስወራታል?» አለችኝ። «ንገሪያት። እዚህ እሱ ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳታነሳ ንገሪያት።» ገባኝ። እኛ መርዶ እንኳ ሰው አሰባስበን፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ዙሪያውን ዞረን ነው የምንናገረው። ይቺ ፈረንጅ በጠራራ ፀሐይ፣ በሽተኛው ራሱ ቁጭ ብሎ እየሰማ፣ ስለ ሞቱ ቀን ታወራለች። አንድ ለስለስ ያለ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ።

አጎቴ ቀደመኝ። በእንግሊዝኛ፣ በየሁለት ቃሉ እያረፈ፣ ነርሷን እያየ «ባቆመው፣ ታፍኜ ነው የምሞተው?» አላት።

ማንም አልተነፈሰም። ነርሷ ወንበር ስባ ከፊቱ፣ በዓይኑ ትክክል ተቀመጠች። መጀመሪያ «አይደለም» ብቻ አለች። ቃሉ እስኪገባው ጠበቀችው። ከዚያ አስረዳችው። ማስኩ ከመነሳቱ በፊት መድኃኒት ይሰጣል፤ ሞርፊንና ሌላ የሚያረጋጋ መድኃኒት። ትንፋሽ የማጠር ጭንቀት እንደማይሰማው እስኪያረጋግጡ ድረስ ማስኩ አይነሳም። ሐኪሙም ነርሷም እዚያው ናቸው፤ መድኃኒት መጨመር ካስፈለገ ይጨመራል። ማስኩን ሳያቆም ቢቆይም እንኳ፣ የዚህ በሽታ ሕሙማን ብዙዎቹ የሚያርፉት በእርጋታ ነው፤ እንቅልፍ እየከበዳቸው ሄዶ። ታፍኖ መሞት ሁሉም የሚፈራው፣ ግን እምብዛም የማይሆን ነገር ነው። ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

ሌላ ጠየቃት። «ሌሊት መብራት ቢጠፋስ?» ባትሪ እንዳለው አሳየችው። ሦስተኛውን ለመጠየቅ ዘገየ። «ካቆምኩት ራሴን እንደገደልኩ ይቆጠራል?» እሷም «በሕግ አይቆጠርም። ሕክምና አልፈልግም ማለት የእርስዎ መብት ነው። ስለ እምነትዎ ግን እኔ መናገር አልችልም፤ ካህንዎን ይጠይቁ» አለችው። ይህን መልስ አከበርኩላት።

ከዚያ አጎቴ ወደ እትዬ ዞረ። በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህን ነው» አላት። እትዬ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይቶ ለነርሷ «እሺ፣ አምጡት» አላት።

ወራት ሙሉ ማስኩን ያስጠላው ፕላስቲኩ አልነበረም፤ የእንግዳ ዓይንም አልነበረም። አንዴ ከገባበት የማይወጣበት መስሎት ነው። ሰውነቱ በየቀኑ አንድ ነገር እየነጠቀው፣ የመጨረሻዋን ውሳኔም ለማሽን የሚያስረክብ መስሎት ነው። ማቆም እንደሚችል፣ ሲያቆምም እንደማይሰቃይ ሲያውቅ ለመጀመር አላቅማማም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እሱ በሽታውን አልደበቀም፤ የደበቀው ፍርሃቱን ነው። እኛም እሱን ላለማስከፋት በዙሪያው ዝም ብለን፣ ፍርሃቱን የሚያወጣበት ቦታ አሳጣነው። ዝምታችን ከፍቅር የመጣ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ሌሊት ሶፋው ላይ ብቻውን ሲያድር ከጎኑ የነበረው ያ ዝምታ ነው።

## መውጫው ሲዘጋ

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በየአገሩ እንዴት እንደሆነ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝ ውስጥ ጉዳዩን ጥርት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2002 የተወሰነ አንድ መዝገብ ነው። ከአንገቷ በታች ሽባ የሆነች፣ አእምሮዋ ግን ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሴት ማሽኑ ይነሳልኝ አለች። ሆስፒታሉ እምቢ አለ። ፍርድ ቤት ሄደች። ዳኛዋ ዴም ኤልዛቤት በትለር ስሎስ፣ አእምሮዋ የሚወስን ሰው ያለ ፈቃዷ ማሽን ላይ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱላት። የአጎቴ ነርስ ያን ቀን በድፍረት የተናገረችው ከኋላዋ ይህ ስላለ ነው።

እስራኤል ሌላ መንገድ ነው የያዘችው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ሊሞት የተቃረበ ሕመምተኛ መተንፈሻ ማሽን እንዳይጀመርልኝ ማለት ይችላል። አንዴ የተጀመረ፣ ያለማቋረጥ የሚሠራ ማሽን ግን አይነቀልም። የሕጉ አርቃቂዎች ይህ እንደሚያስቸግር ስላወቁ፣ ማሽኑ ላይ ሰዓት ይገጠም የሚል ሐሳብ አመጡ። ሰዓቱ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ይቆማል፤ እንደገና ማስነሳት እንደ አዲስ ሕክምና ይቆጠራል፤ አዲሱን ደግሞ እምቢ ማለት ይቻላል። ከሃይማኖት ጋር ላለመጣላትና ሰውንም ላለማሰር የተለፋበት ሐሳብ ነው። ጃፓን ደግሞ ጉሮሮ ተበስቶ ማሽን ላይ የሚኖረው ሕመምተኛ ከአውሮፓው በእጅጉ ይበልጣል። እዚያም አንዴ ከተጀመረ ማቆም እጅግ ብርቅ ነው፤ ሐኪሞቹ ሕጉ ግልጽ ስላልሆነላቸው ይፈራሉ።

ማንኛቸውም ሕይወትን ስላቀለሉ አይደለም እንዲህ ያደረጉት። ግን አጎቴን ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ያሳስበኛል። መውጫው የተዘጋ ሲመስል፣ ገብቶ ሊጠቀም ይችል የነበረ ሰው ደጁ ላይ ይቀራል። ሕይወት ለማክበር የተሠራ አጥር ሕይወት ሊያሳጥር ይችላል። አጎቴ ሕጉ ክፍት በሆነበት አገር እየኖረ እንኳ፣ የነገረው ሰው ባለመኖሩ ወራት ባክነውበታል።

የንስሐ አባቱ መጥተው ረጅም ሰዓት አብረውት ቆዩ። የተነጋገሩትን አላውቅም፤ መጠየቅም አይገባኝም። ሲወጡ እትዬን በሩ ላይ አቁመው «ልጄ፣ ማሽኑን እግዚአብሔር አታድርጊው» አሏት።

## ማስኩ እና ሌሊቱ

መጀመሪያ ቀላል አልነበረም። ቀን ቀን ቴሌቪዥን እያየ ለአጭር ጊዜ ያደርገው ነበር፤ እስኪለምደው። የአፍንጫው ድልድይ ቆሰለ፤ ማስኩ ተቀይሮ አፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚገጠመው መጣለት። አፉ ደረቀ፤ አየሩን የሚያረጥብ ውሃ ያለበት ዕቃ ተጨመረለት። ሆዱ በአየር ተነፋ፤ ግፊቱ ተስተካከለ። አብዛኛው «ማስኩ አልተስማማውም» የሚባለው ነገር እንዲህ በትንሽ በትንሹ የሚስተካከል ነው። ቶሎ ደውሎ መናገር ነው የሚያስፈልገው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ራሱን ሳያመው ተነሳ። ፍርፍር አምጡልኝ አለ። እትዬ ያን ቀን ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ የሠርግ ጠሪ ይመስል ነበር። ተመልሶ ሰው ሆነ። ቀልድ ጀመረ። የልጅ ልጁን የቤት ሥራ እየሰማ ሳያንቀላፋ ያመሽ ጀመር።

ትንፋሽን መደገፍ ማስኩ ብቻ አይደለም። ማሳልም ጡንቻ ይፈልጋል። ማሳል ሲያቅት አክታ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ሆስፒታል የሚገባው በዚያ ነው። ለዚህ አየር ነፍቶ ወዲያው መልሶ የሚስብ ሌላ ማሽን አለ። ምራቅ ሲበዛ ከጆሮ ኋላ የሚለጠፍ መድኃኒት አለ። በሆድ በኩል የሚገባው የመመገቢያ ቱቦም ከትንፋሽ ጋር ይገናኛል፤ ትንፋሽ ከደከመ በኋላ ማስገባቱ አደገኛ ስለሚሆን ቀደም ብሎ ነው የሚገባው። እናቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህ በሽታ የተባለ ይመስላል። ሁሉም ውሳኔ ሰውዬው ደህና ሆኖ ሳለ፣ በራሱ አንደበት ሲናገር ነው የሚያምረው።

## አዲስ አበባ ቢሆንስ?

በቅርቡ አዲስ አበባ ያለች አንዲት የማውቃት ልጅ ደወለችልኝ። አባቷ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። ኦክስጅን የሚያመርተውን ማሽን እንድልክላት ነው የፈለገችው። ከላይ የጻፍኩትን ነገርኳት። ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል ወይ፣ በጀርባቸው ይተኛሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች።

ውጭ ያለን ሰዎች ዕቃ መላክ እንወዳለን። ስለዚህ ይህን እወቁ። ለሚያንኮራፉና በእንቅልፍ ትንፋሻቸው ለሚቋረጥ ሰዎች የሚሰጠው ሲፓፕ የሚባለው ማሽን፣ መልኩ ቢመሳሰልም ለዚህ በሽታ የሚሆነው አይደለም። እሱ አንድ ዓይነት ግፊት ብቻ ነው የሚሰጠው። ለዚህ የሚፈለገው ሲስቡ ከፍ፣ ሲያስወጡ ዝቅ የሚለው ባይፓፕ ነው። ያም ቢሆን ግፊቱን ለሰውዬው ልክ የሚያስተካክል ሐኪም ከሌለ ሳጥን ብቻ ነው። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ባትሪው ከማሽኑ እኩል አስፈላጊ ነው። ፊታቸውን ያልለካችሁበት ማስክ አትላኩ።

ማሽን እስኪመጣ ወይም ባይመጣ የሚሠራ ነገርም አለ። ራስጌን ከፍ አድርጎ ማስተኛት። አምቡ የሚባለው በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት ብዙ ሆስፒታል ይገኛል፤ ባለሙያ ካሳየ ቤተሰብ ትንፋሽ በትንፋሽ ላይ ጨምሮ ሳንባን ማስፋትና ማሳልን ማገዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ የፖልዮ ወረርሽኝ ሲነሳ የመተንፈሻ ማሽን አልበቃ አለ። ብዮርን ኢብሰን የተባለ ሐኪም የአንዲት የ12 ዓመት ልጅን ጉሮሮ አስበስቶ በቱቦ፣ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አስተነፈሳትና ተረፈች። ከዚያ 1,500 የሚሆኑ የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ፣ ሌሊት ከቀን፣ ሰው በእጃቸው አስተነፈሱ። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ከዚያ ነው የተነሳው። ይህ በሽታ እንደ ፖልዮ አልፎ የሚሄድ አይደለም፤ በእጅ ለዓመት አይገፋም። ትንፋሽን ማገዝ ግን በውድ ማሽን ብቻ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ያሳያል። የትንፋሽ ማጠርን ጭንቀት የሚያበርድ በሐኪም የሚታዘዝ ጥቂት ሞርፊንም ማሽን አይፈልግም።

መጨረሻ ላይ «አባትሽ ምን እንደሚያስፈራቸው ጠይቀሻቸዋል?» አልኳት። «እሱን እንዴት ብዬ?» አለችኝ። እኔም እንዴት እንደሚጠየቅ በደንብ አላውቅም። «ሌሊት ምን ያስባሉ?» ብለሽ ጀምሪ አልኳት።

## እትዬ እና እኔ

አጎቴ ማስኩን መጀመሪያ ሌሊት ብቻ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላም፣ በመጨረሻ ከቀን ሙሉ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሲቀር ያደርገው ነበር። አንደበቱ ሲሄድ ልጁ የፊደል ሰሌዳ ሠራለት። መጀመሪያ የፊደሉን ዘር በዓይኑ ያሳያል፤ ከዚያ ግእዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሳድስ እስከ ሰባት እንቆጥርለታለን፤ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። እንዲህ እያለ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ትራኪዮስቶሚ እንደማይፈልግ ያስጻፈው ግን ገና አንደበቱ ሳለ ነው።

«ይበቃኛል» ብሎ በሰሌዳው ሲናገር ፊደል ስትቆጥርለት የነበረችው እትዬ ናት። ሁለተኛ እንዲደግመው ለመነችው። ደገመው። ሐኪሙ በሌላ ቀን መጥቶ ብቻውን አነጋገረው፤ ያንኑ አለ። የመጡት ሰዎች ልክ ነርሷ እንዳለችው አደረጉ። መድኃኒቱ መጀመሪያ፣ ከዚያ መጠበቅ፣ ከዚያ ግፊቱን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ከዚያ ማስኩ ተነሳ። ተኝቶ ነበር። አልተንፈራገጠም። እጁን ይዘነው ለተወሰነ ጊዜ በራሱ ተነፈሰና አረፈ።

እትዬ ነርሷን ይቅር አላለቻትም ማለት አልችልም፤ ለተዝካሩ ጠርታታለች፣ መጥታም እንጀራ በልታለች። ግን ስለዚያ ከሰዓት በኋላ ስናወራ አሁንም አንስማማም። እሷ እንዲህ ትላለች፦ ጥያቄው ይጠየቅ፣ ይሁን፤ ግን ሚስት እየሰማች መሆን አልነበረበትም። አንዳንድ ነገር ሰው ከሐኪሙ ጋር ለብቻው የሚነጋገረው ነው። እኔ እሷን በደንብ እሰማታለሁ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ሌሊት ያን ቃል ይዛ ያደረችው እሷ ናት። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ አነሳባታለሁ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀጠሮዎች አጎቴ ከነርሷ ጋር ብቻውን የቀረባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ እኛ ቡና ልንገዛ ወጥተን፣ መኪና ልናቆም ወርደን። ያኔ መጠየቅ ይችል ነበር፤ አልጠየቀም። የጠየቀው እሷ አጠገቡ በነበረችበት ቀን ነው።